ደንበኛ ለምን ይመለሳል፣ ለምንስ ይቀራል? ለምግብ ቤት ባለቤቶችና ኃላፊዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ምግብ ቤት ደንበኛ መሸሽ ሲጀምርበት የባለቤቱ ጥርጣሬ አስቀድሞ የሚያርፈው በምግቡ፣ በዋጋው ወይም ፊት ለፊት በተከፈተው አዲስ ቤት ላይ ነው። ስለዚህ ሼፍ ይቀየራል፣ ሜኑ እንደ አዲስ ይታተማል፣ ግድግዳው ቀለም ይቀባል፤ ከዚህ ሁሉ ወጪ በኋላም ወንበሮቹ ባዶ ሲሆኑ ጥፋቱ በገበያው መቀዝቀዝ ይሳበባል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚሉ ሰዎች የምግቡን ጣዕም መናቃቸው አይደለም፤ ሰው የበላውን ነገር ከተስተናገደበት ሁኔታ ነጥሎ እንደማያስታውስ መናገራቸው ነው።

ይህ መመሪያ የሚነሳው ከአንድ ሐሳብ ነው። ተመጋቢ ወደ አንድ ቤት ደጋግሞ የሚሄደው በአንድ ወቅት እጅግ ስለተደሰተ ብቻ ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ነው። የማያውቀውን ቤት የሚሞክር ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን፣ እንግዳ ይዞ ከሆነ ደግሞ ክብሩን አስይዞ ይገባል፤ የሚወደው ቤት ይህን ስጋት ያነሳለታል። መጥፎ መስተንግዶ የሚያፈርሰው ይህንኑ እርግጠኝነት ስለሆነ፣ ምግቡ እንደ ቀድሞው ቢጣፍጥ እንኳ ደንበኛው ሌላ ቤት መሞከርን እንደ ድሮው አይፈራውም። ከታች ያሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ቢሠሩ ይመረጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘልሎ ወደ ማሻሻያው መግባት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደመግዛት ነው።

ደረጃ 1፦ የቀሩትን ይቁጠሩ

አብዛኛው ምግብ ቤት የዕለቱን ሽያጭ እስከ ሳንቲሙ ያውቃል፤ ከገቡት ሰዎች መካከል ስንቱ ከዚህ በፊት የመጣ እንደሆነ ግን አያውቅም። ይህን ለማወቅ ውድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የግድ አያስፈልግም። በገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ አንድ ደብተር ያስቀምጡና ለአራት ሳምንታት ያህል እያንዳንዱን ጠረጴዛ «አዲስ»፣ «የታወቀ» ወይም «ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጣ» በሚል ምልክት ያስመዝግቡ። ከዚህ ጎን ለጎን እያንዳንዱ አስተናጋጅ በመልክ የሚያውቃቸውን 20 ያህል ቋሚ ደንበኞች፣ ስማቸውን ባያውቅ እንኳ በሚያስታውሳቸው ምልክት፣ እንዲጽፍ ያድርጉ። በየወሩ መጨረሻ ዝርዝሩን አንድ ላይ ሆነው ሲያነቡ «እሱን ካየሁት ቆየሁ» የሚል ድምፅ መሰማት ይጀምራል።

ምዝገባው ቀኑንና ፈረቃውን ጭምር መያዝ አለበት። ምሽት የሚመጡት ቋሚ ደንበኞች ሲሳሱ የቀኖቹ ካልተነኩ፣ ምክንያቱ በምሽቱ ፈረቃ ውስጥ ነው እንጂ በሜኑው ውስጥ አይደለም። በሌላ በኩል የቀረ ሁሉ ተቀይሞ ቀረ ማለት አይደለም፤ ሰው ቤት ይቀይራል፣ ሥራ ይለውጣል፣ ሐኪም የሚከለክለው ምግብ ይኖራል፣ ኪሱም ይጠብበታል። ልዩነቱን ለማየት የሚረዳው ጊዜው ነው። ሰዎች በተለያየ ወቅት አንድ በአንድ የቀሩ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በተመሳሳይ ሳምንታት በርከት ብለው ከጠፉ ግን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ምን እንደቀየሩ፣ ምግብ አብሳይ፣ ተቆጣጣሪ፣ ዕቃ አቅራቢ ወይም የሥራ ሰዓት፣ ወደ ኋላ ሄደው ይመርምሩ።

ደረጃ 2፦ ሰዓት ይዘው እንደ እንግዳ ይቀመጡ

ባለቤት በራሱ ቤት እውነተኛ እንግዳ መሆን አይችልም፤ ሲገባ ሁሉም ይነቃል። ስለዚህ ሠራተኞቹ የማያውቁትን የሚታመን ሰው ልከው፣ አንድ ጊዜ ቤቱ በሚጨናነቅበት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጸጥ በሚልበት ሰዓት አምስት ጊዜያትን በደቂቃ እንዲመዘግብ ይጠይቁት። እነዚህም ከበር ከገባ በኋላ አንድ ሰው እስኪያየው፣ ከተቀመጠ በኋላ እስኪታዘዝ፣ ካዘዘ በኋላ ምግቡ እስኪደርስ፣ በልቶ ከጨረሰ በኋላ ሂሳብ እስኪመጣለት፣ ከከፈለ በኋላም መልሱን ተቀብሎ እስኪነሳ ያሉት ናቸው።

ባለቤቶች ዓይናቸውን የሚጥሉት በሦስተኛው ላይ ነው፤ ወጥ ቤቱ ፈጠነ ወይስ ዘገየ የሚለው ላይ። በእኔ ግምት ግን ደንበኛ የሚያሸሹት የመጀመሪያውና የመጨረሻዎቹ ሁለት ናቸው። ምግብ እየተሠራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይታገሣል፤ ማንም ሳያየው በር ላይ የቆመ ወይም ለመክፈል እጁን ደጋግሞ የሚያነሳ ሰው ግን እንደተናቀ ይሰማዋል።

ደረጃ 3፦ መጠበቅን ያስተዳድሩ

በአገልግሎት አስተዳደር ላይ የጻፈው ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 ሰዎች ሲጠብቁ የሚሰማቸው ጊዜ ከሰዓቱ ጊዜ የሚለይባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሯል። ሥራ ፈትቶ መጠበቅ በአንድ ነገር ተጠምዶ ከመጠበቅ ይረዝማል፤ መቼ እንደሚያበቃ ያልታወቀ መጠበቅ መጠኑ ከተነገረው ይረዝማል፤ ምክንያቱ ያልተገለጸ ከተገለጸው፣ ፍትሕ የጎደለው ተራው ከተጠበቀው፣ ብቻ መሆን ከሰው ጋር ከመሆን ይረዝማል። እርካታንም ያስቀመጠው ደንበኛው ያገኘው መስሎ በሚሰማውና አስቀድሞ በጠበቀው መካከል ባለ ልዩነት ነው። ይህ ለምግብ ቤት ትልቅ ዜና ነው፤ ምድጃውን ማፍጠን ባይቻል እንኳ መጠበቁን ማሳጠር ይቻላል ማለት ነውና።

በተግባር ሲታይ፣ አስተናጋጁ ሁለት እጁ ሰሃን ቢይዝም በገባው ሰው ላይ ዓይኑን አሳርፎ ራሱን ነቅነቅ ማድረግ ይችላል፤ ይህ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይደረግ። ቦታ ከሌለ የሚጠብቀው ጊዜ በቁጥር ይነገር፤ 15 ደቂቃ ከመሰለዎት 20 ይበሉና ቀድመው ይድረሱ። ሰዎች አምስት ደቂቃ ተብለው ሃያ ከሚጠብቁ፣ ሃያ አምስት ተብለው ሃያ ቢጠብቁ ይመርጣሉ። ሜኑውንና ውኃውን ቀድሞ መስጠት ደንበኛው አገልግሎቱ እንደተጀመረለት እንዲያውቅ ያደርገዋል። ከሁሉም የከፋው «መጣሁ» ብሎ የሚጠፋ አስተናጋጅ ነው፤ ያች አንዲት ቃል ሲነገር ቀጠሮ ናት፤ ሳትፈጸም ስትቀር ደግሞ ውሸት ትሆናለች። መምጣት የማይችል ከሆነ ሊመጣ የሚችል ሰው ይላክ።

ተራን በሚመለከት ምንም ድርድር ሊኖር አይገባም። ኋላ የመጣ ጠረጴዛ ቀድሞ ከተስተናገደ፣ ምክንያቱ ቀላል የሚሠራ ምግብ ማዘዙ ቢሆን እንኳ፣ ቀድሞ የመጣው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ሁለት ቃል ማብራሪያ በቂ ነው። ብቻውን የሚመገብ ሰው ደግሞ የሚያወራው ስለሌለው ደቂቃውን ስለሚቆጥር፣ የብቸኛ ጠረጴዛ ትዕዛዝ እንዳይረሳ ልዩ ክትትል ይደረግበት።

ደረጃ 4፦ ትዕዛዝን መልሰው ያሰሙ

በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት፣ አንዲት አስተናጋጅ የደንበኞቹን ትዕዛዝ በራሳቸው ቃላት መልሳ ስታሰማ፣ ቃላቸውን ሳትደግም «እሺ» ብላ ከምትቀበልበት ጊዜ የበለጠ ጉርሻ አግኝታለች። ነገሩ ከጉርሻም ያልፋል፤ ቃሉን መልሶ የሰማ ሰው እንደተደመጠ ያውቃል፣ ስህተት ካለም ምድጃው ላይ ሳይደርስ ይታረማል። አስተናጋጁ የቱንም ያህል ጥሩ ትውስታ ቢኖረው በወንበር ቁጥር ይጻፍ፤ ምግብ ይዞ መጥቶ «ይህ የማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ደንበኛው በቁጥር ውስጥ እንዳልነበረ መንገር ነው።

ያለቀ ምግብ ካለ ሜኑው ሲሰጥ ይነገር፤ ደንበኛው መርጦ፣ ሐሳቡን አዘጋጅቶ፣ ከዚያ «አልቋል» መባሉ ጥቂት የሚመስል ግን የሚከማች ቅሬታ ነው። አንድ ምግብ አይስማማኝም የሚል ሰው ሲያጋጥም ደግሞ ጉዳዩ ከመስተንግዶ ወደ ደኅንነት ይሸጋገራል። በወረቀቱ ላይ በሌላ ቀለም ይጻፍ፣ ለአብሳዩም በቃል ይነገር፤ እርግጠኛ ያልሆነ አስተናጋጅ «ምንም አይልም» ከማለት ይልቅ «ጠይቄ ልምጣ» ማለትን ይልመድ።

ደረጃ 5፦ ሁለተኛው ሰሃን የመጀመሪያውን ይምሰል

ፓራሱራማን፣ ዘይታምልና ቤሪ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 የአገልግሎት ጥራትን የሚለኩበትን መንገድ ሲያቀርቡ አምስት መለኪያዎችን አስቀምጠዋል፤ ቃል የተገባውን በትክክልና በቋሚነት ማድረስ፣ ፈጥኖ መልስ መስጠት፣ እምነት የሚያሳድር ዕውቀትና ትሕትና፣ ለእያንዳንዱ ሰው ማሰብ፣ እንዲሁም የሚታዩ ነገሮች፣ ማለትም ቤቱ፣ ዕቃውና የሠራተኛው አለባበስ። ከአምስቱ ውስጥ በደንበኞች ዘንድ ተደጋግሞ ቅድሚያ የሚያገኘው የመጀመሪያው ነው። ባለቤቶች ገንዘባቸውን በብዛት የሚያፈስሱት ግን በመጨረሻው ላይ መሆኑ ይገርመኛል።

ቋሚነት የሚገኘው በሚዛን ነው። እያንዳንዱ ምግብ መጠኑ በግራም የተጻፈበት ካርድና ሲቀርብ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያሳይ ፎቶግራፍ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይኑረው። አብሳዩ እረፍት ሲወጣ ምግቡ አብሮት የሚወጣ ከሆነ፣ ደንበኛው የሚወደው ምግብ ቤቱን ሳይሆን ሰውየውን ነው፤ ሰውየው ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር ደንበኛውም ይከተለዋል። በየፈረቃው መጀመሪያ ሾርባውና ስጎው በአንድ ኃላፊ ይቀመስ።

ሙቀትም የቋሚነት አካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣቸው የምግብ ደኅንነት አምስት ቁልፎች መሠረት ምግብ ሲበስል ውስጡ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ እስኪቀርብ ከ60 በላይ ሆኖ መቆየት፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ከ5 በታች መሆን ይኖርበታል። ለብ ያለ ምግብ የጣዕም ጉድለት ብቻ ሳይሆን የጤና ስጋት መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ምግቡ የሚቀዘቅዘው ግን ብዙ ጊዜ በወጥ ቤት ውስጥ አይደለም፤ ተሠርቶ ማውጫው ላይ ተቀምጦ አስተናጋጅ ሲጠብቅ ነው። በጥድፊያ ሰዓት ከዚያ ቦታ የማይነቃነቅ፣ ሰሃኖቹን አይቶ የአንዱን ጠረጴዛ ምግብ በአንድነት የሚያስወጣ አንድ ሰው መመደብ ወጥ ቤቱን ከማስፋት ይልቅ ብዙ ይረዳል። አራት ሰዎች አብረው ተቀምጠው ሦስቱ ሲበሉ አንዱ ባዶ ጠረጴዛ ካየ፣ ማዕዱ የአራቱም ይበላሻል።

በነገራችን ላይ፣ የዕቃ ዋጋ ሲንር የምግቡን መጠን በዝምታ መቀነስ የሚቀናቸው ባለቤቶች አሉ። ዋጋ ሲጨምር ደንበኛ ያጉረመርማል፤ መጠን ሲቀነስበት ግን እንደተታለለ ይሰማዋል። የመጀመሪያው ይሻላል።

ደረጃ 6፦ በትክክለኛው ጊዜ ጠይቀው፣ ከዚያ ይተዉአቸው

ምግቡ በቀረበ ከሁለትና ከሦስት ጉርሻ በኋላ አስተናጋጁ ቀርቦ ያዘዙትን ነገር ለይቶ ይጠይቅ፤ «ሥጋው እንደፈለጉት በስሏል?» እንደማለት። እያለፉ «ሁሉ ሰላም?» ማለት መልስ የማይፈልግ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ «ጥሩ ነው» ይሆናል። ከዚያ በኋላ በዓይን መከታተል እንጂ ወሬን ማቋረጥ አይገባም።

ደረጃ 7፦ ቅሬታን እንደ ዕድል ይቀበሉ

ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳስረዳው፣ ባገኘው ነገር ያልተደሰተ ሰው ሁለት መንገዶች አሉት፤ ትቶ መሄድ ወይም መናገር። ታማኝነት ያለው ሰው መሄዱን ያዘገይና መናገርን ይሞክራል። ይህን ወደ ምግብ ቤት ስናመጣው፣ ሰሃኑን ገፍቶ «ይህ ትክክል አይደለም» የሚለው ሰው ቤቱን ገና ያልተወ ሰው ነው። የሚያስፈራው ሌላኛው ነው፤ ግማሹን ትቶ፣ ሂሳቡን ከፍሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የሚወጣውና ዳግም የማይታየው። ስለዚህ ያልተበላ ምግብ ሲነሳ ምክንያቱን በትሕትና መጠየቅ የአስተናጋጁ ግዴታ ይሁን።

ቅሬታ ሲቀርብ የሚከተለው ሥርዓት ይሠራል። አስተናጋጁ ሳያቋርጥ ይስማ። የሆነውን ነገር ስሙን ጠርቶ ይቅርታ ይጠይቅ፤ «ለተፈጠረው ነገር ይቅርታ» ከሚለው «ምግብዎ ቀዝቅዞ በመምጣቱ ይቅርታ» የሚለው ይበልጣል። ምን እንደሚያደርግና መቼ እንደሚያደርስ ይናገር። የሚተካው ምግብ ከሌላው ትዕዛዝ ሁሉ ይቀድም፤ አለዚያ ደንበኛው ጓደኞቹ በልተው ሲጨርሱ መብላት ይጀምራል። በመጨረሻም ኃላፊው ራሱ መጥቶ መፍትሔው መድረሱን ያረጋግጥ። «ሌሎች ሰዎች ወደውታል» ማለት፣ ጥፋቱን በወጥ ቤት ላይ መላከክ፣ ወይም ደንበኛውን እንደ ተከሳሽ መጠየቅ ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት።

እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ እመላለስበት ከነበረ አንድ ቤት የቀረሁት እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። ያላዘዝኩት ምግብ መጣልኝ፤ አስተናጋጁ የትዕዛዝ ደብተሩን አውጥቶ ስህተቱ የእኔ መሆኑን አብረውኝ በነበሩ ሰዎች ፊት አስረዳ። ምናልባት ልክ ነበር። ክርክሩን እሱ ረታ፤ እኔም ተመልሼ አልሄድኩም።

ይህ ሁሉ እንዲሠራ አስተናጋጁ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ምግብ ለመቀየር ወይም ከሂሳቡ ላይ ለማንሳት ኃላፊ ፈልጎ መዞር ካለበት ቅሬታው እየከረረ ይሄዳል፤ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ በራሱ እንዲወስን ይፈቀድለት፣ በፈረቃው መጨረሻም ያደረገውን ይመዝግብ። አንድ ዓይነት ቅሬታ ሦስት ጊዜ ከተመዘገበ ጥፋቱ ከአሠራሩ እንጂ ከሠራተኛው አይፈለግ። ስህተቱ በሚገባ የተካሰለት ደንበኛ ምንም ስህተት ካልደረሰበት የበለጠ ሊረካ እንደሚችል የሚናገሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሆኖም ይህን እንደ ዘዴ መያዝ አደገኛ ነው፤ ያው ስህተት ለሁለተኛ ጊዜ ሲደርስበት ያን ሁሉ ካሳ እንደ ማታለያ ይቆጥረዋል።

ደረጃ 8፦ ሂሳቡንና ስንብቱን ያሳምሩ

እ.ኤ.አ. በ1993 ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ሰዎች እጃቸውን በ14 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ እንዲያቆዩ አደረጉ፤ በሌላ ዙር ደግሞ ከዚያው 60 ሰከንድ በኋላ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ 15 ዲግሪ እየሞቀ 30 ሰከንድ ጨመሩባቸው። የትኛውን መድገም እንደሚመርጡ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ መጨረሻው ለዘብ ብሎ ነበርና። ሰው አንድን ቆይታ የሚያስታውሰው በርዝመቱ ሳይሆን በጎላው ቅጽበትና በአጨራረሱ ነው ማለት ነው። ምግብ ቤት ግን ሥራው አለቀ ብሎ የሚዘናጋው ልክ በዚህ ሰዓት ነው።

ሂሳብ ሳይጠየቅ አይቅረብ፤ ሲጠየቅ ግን በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ የታዘዘው ሁሉ በዝርዝር ተጽፎበት ይድረስ። ያልታዘዘ ነገር ተጨምሮ የተገኘበት ሂሳብ፣ በስህተትም ቢሆን፣ ያለፉትን ጉብኝቶች ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ያስጠረጥራል። መልስ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ ጉርሻ መተው የደንበኛው ፈንታ ነው፣ አስተናጋጁ መልሱን ይዞ በመዘግየት የሚያስገድደው ነገር አይደለም። በር ላይ በስም ወይም ቢያንስ በፈገግታ የሚሰናበት ሰው ይኑር።

ደረጃ 9፦ የዓይንና የጆሮ ነገሮች

መጸዳጃ ቤቱ በየሰዓቱ ይታይ፣ ያየውም ሰው ይፈርም፤ ደንበኛ የማያየውን ወጥ ቤት የሚገምተው ከሚያየው መጸዳጃ ቤት ነው። የሚጣበቅ ሜኑና የሚወዛወዝ ጠረጴዛ በዚያው ቀን ይስተካከሉ። ሰዎች ለመሰማማት ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ከጀመሩ ሙዚቃው ይቀነስ።

ደረጃ 10፦ ከሠራተኛው ይጀምሩ

የተራበና የተሰደበ አስተናጋጅ ፈገግ በል ሲባል የሚያሳየው ጥርሱን ብቻ ነው። ሠራተኞች ከፈረቃ በፊት ይብሉ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ቆመው ምን እንዳለቀ፣ ምን አዲስ እንዳለ፣ ትናንት ምን ቅሬታ እንደቀረበ ይነጋገሩ። አንድ አስተናጋጅ ሊከታተል ከሚችለው በላይ ጠረጴዛ አይመደብለት፤ ቦታውም በየቀኑ አይቀያየር። ሠራተኛ በተደጋጋሚ የሚለዋወጥበት ቤት ደንበኞቹን የሚያውቅ ሰው የለውም፤ ስለዚህ የቋሚ ደንበኞች ልማድ፣ የት መቀመጥ እንደሚወዱና ምን እንደማይበሉ፣ በሚለቀው ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በደብተር ላይ ይኑር።

ይህ ዕውቀት ግን በልክ ይሠራበት። «የተለመደውን ላምጣ?» የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ያስደስታል፤ ባለፈው ከማን ጋር እንደመጡ ማንሳት ግን ገመናን መንካት ነው። ለቋሚው ደንበኛ የሚደረገው እንክብካቤም በአዲሱ ሰው ኪሳራ አይሁን፤ ዛሬ ባይተዋር የሆነው ነገ ቋሚ ሊሆን ይችል ነበርና።

ደረጃ 11፦ በኢንተርኔት የተጻፈውን ያንብቡ

ማይክል ሉካ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረበው ጥናት፣ በአሜሪካዋ የዋሽንግተን ግዛት ከተማ በሲያትል ባሉ ምግብ ቤቶች ላይ ደንበኞች ለምግብ ቤቶች ኮከብ በሚሰጡበት የልፕ በተባለው ድረ ገጽ የአንድ ኮከብ ጭማሪ ገቢን ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል፤ ውጤቱ የታየው በገለልተኛ ምግብ ቤቶች እንጂ ስማቸው በታወቀና በአንድ ስም ብዙ ቅርንጫፍ ባላቸው ቤቶች ላይ አልነበረም። ትንሽ ቤት አስቀድሞ የሚያስተዋውቀው ስም ስለሌለው የደንበኛ ቃል ይበልጥ ይመዝንበታል። ለወቀሳ በአጭሩ፣ ጉዳዩን ለይተው፣ ሳይከራከሩ ይመልሱ፤ መልሱን ከጻፈው ሰው ይልቅ ገና ያልመጡት ያነቡታል።

ደረጃ 12፦ የቀረውን ይመልሱ

በመጀመሪያው ደረጃ ወደ ተዘጋጀው ዝርዝር ይመለሱ። አድራሻቸው በፈቃዳቸው ከተመዘገበ ደንበኞች መካከል ለጠፉት ኃላፊው ራሱ ይደውል፤ ቅናሽ ለማስተዋወቅ ሳይሆን «ምን አጎደልን?» ብሎ ለመጠየቅ። የሚሰጠው መልስ መራራ ቢሆንም ይጻፍ፣ ምስጋናም ይቅረብ፤ የተነሳው ችግር ሳይስተካከል ግን ሰውየው ተመልሶ እንዲመጣ አይጋበዝ። ሲስተካከል ምን እንደተለወጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገረው። የመጣ ዕለት ልምድ ያለው አስተናጋጅ ይመደብለት፣ ያለፈው ነገር በጠረጴዛው ላይ እንደገና አይነሳ፣ ኃላፊው አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቦ ሰላምታ ይስጥ። በደብተሩ ላይ «ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጣ» የሚለው ምልክት ይደረግለት፤ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ዝርዝሩ ሲነበብ ለሁለተኛ ጊዜ መምጣቱ ወይም አለመምጣቱ ይታያል።